ቤቴስዳ፦ ከንቲባ የሌላት የሀብታሞች ሰፈር እንዴት ተሠራች?

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዕለቱ የሚነበበው ወንጌል ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የቆየ ድውይ በኢየሩሳሌም ቤተ ሳይዳ በምትባል መጠመቂያ ዳር እንዴት እንደ ተፈወሰ ይተርካል። በሜሪላንድ ግዛት ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ተዋስና የምትገኘው፣ በአሜሪካ ካሉት ባለጸጋ ሰፈሮች አንዷ የሆነችው ቤቴስዳ ስሟን የወሰደችው ከዚያችው መጠመቂያ ነው። በ1820 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የፕሬስቢቴሪያን ምእመናን የጸሎት ቤት ሠርተው ቤቴስዳ አሉት፤ ትርጉሙም በተለምዶ «የምሕረት ቤት» ነው። በአካባቢው የነበረችው መንደር ግን በአንድ ባለሱቅ ስም «የዳርሲ ሱቅ» ስትባል ቆይታ፣ በ1871 የፖስታ ቤቱ ኃላፊ የጸሎት ቤቱን ስም ሰጣት። ያ ስም ጸንቶ ቀረ።

ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ለሚኖር ሐበሻ ቤቴስዳ ማለት የቤት ዋጋው የማይቀመስ ሰፈር ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተፈጥሮ ነገር ይወስደዋል፤ ቦታው መልካም ስለሆነ ሀብታም ሰፈረበት፣ ሀብታም ስለ ሰፈረበትም ትምህርት ቤቱ ጥሩ ሆነ ይባላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ሀብቱ በካርታ፣ በሽያጭ ውልና በመንግሥት ውሳኔ የተሠራ መሆኑ ይታያል። ስለ ቤት እጥረትና ስለ ትምህርት ቤት ቀጠና በየጊዜው የሚነሣውን ክርክር ለመረዳት ይህን አሠራር ማወቅ ግድ ነው።

«ሰበርብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በእኛ አነጋገር «ከተማ ዳር» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው መንገድና ውኃ ገና ያልደረሰበት፣ መሀል ከተማ የመኖር አቅም ያጣ ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው። በአሜሪካ ሰበርብ የሚባለው በአካሄዱ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ አደገ። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ገንዘብ ያለው ሰው ከመሀል ከተማው ጭስና ጥበት ሸሽቶ፣ ሥራውን ከተማ ውስጥ እያደረገ ቤቱን ግን ሣርና ዛፍ ባለበት ግቢ ውስጥ ማድረግ ጀመረ። ሰበርብ እንግዲህ ለኑሮ በዋናው ከተማ ላይ የተደገፈ፣ በአስተዳደርና በግብር ግን ከዋናው ከተማ ውጭ የሆነ ሰፈር ነው። ከውጭ የሚያየው ሰው የሚያስተውለው ግቢውንና ዛፉን ቢሆንም፣ ብዙውን ነገር የሚወስነው ይህ የግብርና የአስተዳደር ድንበር ነው።

ሰበርብ ሁሉ ሀብታም አይደለም፤ የሠራተኛው፣ የመካከለኛ ገቢው፣ የድኻውም ሰበርብ አለ። ቤቴስዳ ከላይኛው ደረጃ የምትመደብ ናት።

ቤቴስዳ ከተማ ናት?

በሕግ አይደለችም። ቤቴስዳ ከንቲባ የላትም፣ የራሷ የከተማ ምክር ቤት የላትም፣ የራሷ ፖሊስም የላትም። ድንበሯ እንኳ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ለስታቲስቲክስ ሲል ያሰመረው ነው። በ2020 ቆጠራ በዚያ ድንበር ውስጥ 68,056 ሰው ተቆጥሯል። የሚያስተዳድራት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ካውንቲ ማለት በግዛትና በከተማ መካከል ያለ የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ በሜሪላንድ ግን ካውንቲው እንደ አንዳንድ ግዛቶች የወረቀት ስም ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱን፣ ፖሊሱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የመሬት አጠቃቀሙን የሚይዘው እሱ ነው። በአካባቢው እንደ ቼቪ ቼዝ ቪሌጅና ሶመርሴት ያሉ የራሳቸው ማዘጋጃ ቤት ያላቸው ትናንሽ መንደሮች አሉ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ልክ እንደ ቤቴስዳ ማዘጋጃ ቤት የላትም። ስለዚህ ሁለቱ ሰፈሮች በኑሮ ቢራራቁም የሚመርጡት አንድ የካውንቲ ምክር ቤት ነው።

መልክዓ ምድሩም የራሱን ሥራ ሠርቷል። ከአፓላሺያን ተራሮች ግርጌ የሚነሣው ወጣ ገባ መሬት ወደ ባሕሩ ሜዳ ዝቅ የሚለው በዚሁ አካባቢ ነው፤ የፖቶማክ ወንዝ በዚህ ጠርዝ ላይ እየተንደረደረ ግሬት ፎልስን የመሰሉ ፏፏቴዎች ይሠራል። ፏፏቴ ባለበት መርከብ ሊያልፍ አይችልም። በመሆኑም መርከቦች ከታች በጆርጅታውን ወደብ ይቆሙና ወደ መሀል አገር የሚሄደው ሰውና ዕቃ ከዚያ በእግርና በጋሪ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ዛሬ ዊስኮንሲን ጎዳናና ሮክቪል ፓይክ የሚባለው ያ የንግድ መንገድ ነው፤ ቤቴስዳም በመጀመሪያ የተቆረቆረችው በዚህ መንገድ ዳር እንደ ማረፊያ ሆና ነው። ከዋሽንግተን ረግረጋማ ዳርቻዎች ከፍ ማለቷ ደግሞ በበጋው ወበቅ ለሚማረሩት የከተማዋ ባለጸጎች ተመራጭ አደረጋት።

ሀብታሞቹ ከመምጣታቸው በፊት እነማን ነበሩበት?

ከአውሮፓውያን በፊት መሬቱ የፒስካታዌይ ነባር ሕዝብን ጨምሮ የአካባቢው ነገዶች ነበር። በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ትንባሆ ማምረት ጀመሩ። ትንባሆ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበቱም የመጣው ከባሪያዎች ነበር። በዛሬው ሰሜን ቤቴስዳ በሚገኝ እርሻ በባርነት ከኖሩት አንዱ ጆሳያ ሄንሰን ነበር፤ በ1830 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ካናዳ አመለጠ፣ በ1849 ደግሞ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። የኖረበት እርሻ ላይ ያለው ቤት ዛሬ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም ነው።

ባርነት በሜሪላንድ በ1864 ሲሻር ነፃ የወጡ ጥቁር ቤተሰቦች በአካባቢው መሬት እየገዙ ሰፈሩ። ከሰፈሮቻቸው አንዱ በሪቨር ሮድ ዳር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ የቀብር ቦታ አበጁ። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የመሬቱ ዋጋ ሲንር የንግድና የመኖሪያ ግንባታ ሰፈሩን ዋጠው፤ ነዋሪዎቹ ተበተኑ፤ የቀብር ቦታቸውም በመኪና ማቆሚያ አስፋልት ሥር ዋለ። ከዚያ ሰፈር ቆሞ የቀረው የሜሴዶኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ምእመናኑና የሟቾቹ ዘሮች የመቃብሩ ክብር እንዲመለስ በአደባባይም በፍርድ ቤትም ሲታገሉ ቆይተዋል። ቤቴስዳ ከጥንት ጀምሮ የነጮችና የሀብታሞች ብቻ ነበረች የሚለው አስተሳሰብ በዚህ አንድ መቃብር ይፈርሳል።

ታዲያ የሀብታም ሰፈር ማን አደረጋት?

ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ከጎን ያለችው ቼቪ ቼዝ ናት፤ ምክንያቱም ቤቴስዳ የተከተለችው ንድፍ የተሞከረው እዚያ ነው። ፍራንሲስ ኒውላንድስ በኔቫዳ የብር ማዕድን ሀብት ያካበተ ቤተሰብ አማች የነበረ፣ በኋላም የኔቫዳ የሕዝብ እንደራሴና ሴናተር የሆነ ሰው ነው። በ1890 የቼቪ ቼዝ የመሬት ኩባንያን አቋቁሞ ከዲሲ ጀምሮ እስከ ሜሪላንድ ድረስ ከ1,700 ኤከር በላይ፣ ማለትም ወደ 700 ሄክታር የሚጠጋ የእርሻ መሬት ሰበሰበ። መሬቱ ከከተማው የራቀ ስለ ነበር ብቻውን ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ ኩባንያው የኮነቲከት ጎዳናን በራሱ ወጪ ዘረጋ፣ ድልድይ ሠራ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አስገባ። አስፋልት ሊገባ ነው የሚል ወሬ የመሬት ዋጋን እንዴት እንደሚሰቅል ያየ ሰው ስሌቱ አይጠፋውም፤ ትርፉ ከባቡሩ ትኬት ሳይሆን ባቡሩ ከሚደርስበት መሬት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ደንብ ከባቡሩ ይልቅ ዘላቂ ሆነ። በኮነቲከት ጎዳና ላይ የሚሠራ ቤት ከ5,000 ዶላር፣ በጎን መንገዶች ላይ የሚሠራውም ከ3,000 ዶላር በታች እንዳይወጣበት በሽያጩ ውል ተደነገገ፤ ይህ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር። ሱቅና የእጅ ሥራ ቤት በመኖሪያው መካከል እንዳይከፈት ተከለከለ። ኒውላንድስ በፖለቲካ አቋሙም የሚያስበውን አልደበቀም፤ በ1912 የጥቁሮች የመምረጥ መብት እንዲሻር በይፋ ጠይቋል።

ሁለተኛው ገንቢ የፌዴራል መንግሥቱ ነው። በ1930ዎቹ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አስተዳደር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሲያስፋፋ ወደ ዋሽንግተን የሚጎርፈው ሠራተኛ ቤት ፈለገ። በ1935 ሉክና ሄለን ዊልሰን የተባሉ ባልና ሚስት በቤቴስዳ ከነበራቸው ርስት ለመንግሥት መሬት ሰጡ፤ በዚያ ላይ የተተከለውን ብሔራዊ የጤና ተቋም ሩዝቬልት በጥቅምት 1940 መርቀው ከፈቱት። ዛሬ በዓለም ካሉት የሕክምና ምርምር ማዕከላት ትልቁ እሱ ሲሆን፣ በሥሩ 27 ተቋማትና ማዕከላት አሉ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ በ1942 የባሕር ኃይሉ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ይህ ሆስፒታል በ2011 ከዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ጋር ተዋሕዶ ለፕሬዚዳንቶች ሕክምና የሚሰጥበት የታወቀ ቦታ ሆኗል። ሐኪም፣ ተመራማሪ፣ የሕግ ባለሙያና ከፍተኛ ባለሥልጣን በአንድ አካባቢ የተከማቹት በዚህ ምክንያት ነው። በ1964 የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ተጠናቀቀ፤ በ1984 የሜትሮ ባቡር ቤቴስዳ ደረሰ፤ በጣቢያው ዙሪያም ፎቆች በቀሉ። እንደ ሎክሂድ ማርቲንና ማሪዮት ያሉ ታላላቅ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያው ነው።

መንግሥት የገነባው ብልጽግና ግን መንግሥት ሲያስነጥስ ጉንፋን ይይዘዋል። በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኛ ሲቀንስ ስጋቱ በካውንቲው በሙሉ የተሰማው ለዚህ ነው።

እንዳይገቡ የተከለከሉት እነማን ነበሩ? በምን መንገድ?

መሣሪያው የሽያጭ ውል ነበር። ገዢው ቤቱን ሲረከብ በሚፈርመው ሰነድ ውስጥ ቤቱን ለጥቁር፣ በአንዳንድ ሰፈሮችም ለአይሁዳዊ እንዳይሸጥ ወይም እንዳያከራይ የሚያስገድድ አንቀጽ ይገባል። አንቀጹ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ቤቱ ዐሥር ጊዜ ቢሸጥ ዐሥረኛውንም ገዢ ይይዘዋል፤ ጎረቤትም ውሉ ፈረሰ ብሎ ሊከስ ይችላል። ይህ ዘዴ በተለይ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ተስፋፋ።

የሲልቨር ስፕሪንግ አንባቢዎች እዚህ ላይ ቆም ብለው ቢያስቡ ደስ ይለኛል። ዛሬ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤትና ሱቅ ተደርድሮ የምናየው ያ አካባቢ በአብዛኛው በብሩክ ሊ እና በመሰሎቹ አሜሪካውያን የመሬት ነጋዴዎች ሲሸነሸን በውሎቹ ውስጥ ይኸው የዘር ገደብ ነበረበት። በዚያ ዘመን በተሸነሸነ መሬት ላይ ያለ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ የቤቱን ጥንታዊ ሰነድ ቢያወጣ የእሱን ዓይነት ሰው የሚከለክል አንቀጽ ሊያገኝበት ይችላል። ሕጋዊ ኃይል የለውም፤ ወረቀቱ ግን አለ።

የፌዴራል መንግሥቱም ከዚህ ነፃ አልነበረም። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ለባንክ የቤት ብድር ዋስትና ሲሰጥ፣ የዘር ገደብ ያለበትን ሰፈር እንደ አስተማማኝ፣ ጥቁሮች ያሉበትን ሰፈር እንደ አደገኛ ይቆጥር ነበር። ነጩ ቤተሰብ በመንግሥት ዋስትና በዝቅተኛ ወለድ ቤት ሲገዛ ጥቁሩ ቤተሰብ ያው ደመወዝ ቢኖረውም ተከራይ ሆኖ ቀረ።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እነዚህን ውሎች ሊያስፈጽሙ አይችሉም ብሎ ወሰነ። ውሉን መጻፍ ግን ወዲያው አልቆመም፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር መለየት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። በመካከሉ፣ በ1960 በጋ፣ ከቤቴስዳ አጠገብ ባለው በግሌን ኤኮ መዝናኛ ፓርክ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለነጭ ብቻ የተፈቀደው የሚሽከረከር የፈረስ መጫወቻ ላይ ተቀምጠው ታሰሩ። በአካባቢው የሚኖሩ ነጮች፣ በተለይም አይሁዳውያን ጎረቤቶች፣ ከተማሪዎቹ ጋር በሰልፍ ቆሙ። ፓርኩ በ1961 ለሁሉም ተከፈተ።

ክልከላው ከተነሣ ለምን ብዙም አልተለወጠም?

ቀድሞ በዘር የተሠራው ሥራ በዋጋ ስለ ቀጠለ ነው። ለዚህ ዋናው ቃል ዞኒንግ ነው፤ ዞኒንግ ማለት በየትኛው መሬት ላይ ምን ዓይነት ሕንፃ፣ በምን መጠን እንደሚፈቀድ የሚደነግግ የአካባቢ ሕግ ነው። የቤቴስዳ አብዛኛው መሬት ለረጅም ዘመን የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ እንዲሠራበት የተመደበ ነበር። በሬ ብቻውን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በበዓል ከጎረቤቶቹ ጋር ቅርጫ ይገባል። የአንድ ቤተሰብ ዞን ማለት በመሬት ላይ ቅርጫን የሚከለክል ሕግ ነው፤ አራት ቤተሰብ ተካፍሎ ሊኖርበት የሚችለውን ግቢ ሙሉውን መግዛት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ይወስደዋል። ሕጉ የማንንም ዘር አይጠቅስም። ነገር ግን ቀድሞ ቤት እንዲገዛ የተፈቀደለት ቤተሰብ የቤቱ ዋጋ እያደገ ለልጁ ሲያወርስ፣ የተከለከለው ቤተሰብ ልጅ ያለ ቅድመ ክፍያ ወደ ገበያው ይመጣል።

ካውንቲው ይህን ለመቀነስ አልሞከረም ማለት ግን ስሕተት ነው። በ1974 ሥራ ላይ ያዋለው ሕግ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ቤት የሚሠራ ኩባንያ ከመቶ ዐሥራ ሁለት ተኩል እስከ ዐሥራ አምስት የሚሆነውን መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተመጠነ ዋጋ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ብዙ ሐበሻ ኤም ፒ ዲ ዩ ብሎ የሚያውቀው ፕሮግራም ይህ ነው፤ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከ10,000 በላይ ቤቶች ተሠርተውበታል። በሌላ በኩል በ1980 ካውንቲው ከመሬቱ ሲሶ የሚሆነውን፣ 93,000 ኤከር ያህል፣ ለእርሻ ከልሎታል። ይህ ለአየሩና ለገበሬው መልካም ውሳኔ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ቤት የሚሠራበት መሬት የቀረው ቀድሞ በተያዙት ሰፈሮች ውስጥ ነው ማለትም ነው። በ2022 የጸደቀው የካውንቲው የረጅም ጊዜ ዕቅድ በአንድ ቤተሰብ ዞኖች ውስጥ ሌሎች የቤት ዓይነቶች እንዲታሰቡ በር ሲከፍት ብርቱ ተቃውሞ የገጠመው በዚህ የተነሣ ነው። ተቃዋሚዎቹ የመንገድ መጨናነቅን፣ የትምህርት ቤት መጣበብንና የዛፍ መቆረጥን ያነሣሉ፤ ደጋፊዎቹ አስተማሪውና ነርሷ በሚሠሩበት አካባቢ የመኖር አቅም ማጣታቸውን ያነሣሉ።

ዛሬ እነማን ይኖሩባታል?

በ1940 መላው ሞንትጎመሪ ካውንቲ 83,912 ሰው ነበረው፤ በ1970 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ፣ በ2020 ደግሞ 1,062,061 ሆነ። ከዚህ ውስጥ ሂስፓኒክ ያልሆኑ ነጮች ከአሥሩ አራት ያህል ሲሆኑ፣ የቀረው ሂስፓኒክ፣ ጥቁር፣ እስያዊና ቅልቅል ነው። ቤቴስዳ ግን የካውንቲውን መልክ አልያዘችም። ነጮች አሁንም ብዙኃኑ ናቸው፤ እስያውያን እየጨመሩ ነው፤ ጥቁሮች ከመቶ አምስት አይሞሉም። ቤተሰቦቿ በገቢ ቢደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ ከ170,000 ዶላር በላይ ነው፤ ይህም ከአገር አቀፉ ከእጥፍ ይበልጣል። ከዐሥር ጎልማሶች ከስምንት በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ አላቸው።

ትምህርት ቤቱስ?

እዚህ ላይ ሰፊ አለመግባባት አለ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እያንዳንዱ ትንሽ ከተማ የራሱ የትምህርት ወረዳ ስላለው ሀብታሙ መንደር የሰበሰበውን የንብረት ግብር ለራሱ ልጆች ብቻ ያውለዋል። በሜሪላንድ ግን የትምህርት ሥርዓቱ በካውንቲ ደረጃ አንድ ነው፤ የቤቴስዳና የሲልቨር ስፕሪንግ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቦርድ፣ በአንድ በጀት ይተዳደራሉ፤ መምህራኑም በአንድ የደመወዝ ሰንጠረዥ ይከፈላቸዋል። ሥርዓቱ ለወላጆች መረጃ ከሚያወጣባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከቀጠናው ነው፤ ልጅ የሚማረው በአድራሻው ስለሆነ፣ እንደ ዋልት ዊትማን ባለ ትምህርት ቤት ቀጠና ውስጥ ቤት መግዛት በተዘዋዋሪ የትምህርት ቤቱን በር መግዛት ነው። ወላጆች የሚያዋጡት ገንዘብ፣ የግል አስጠኚና ጊዜ ደግሞ ከበጀቱ ውጭ የሚጨመር ነው። አንድ ዓይነት በጀት የተለያየ ውጤት ሲያመጣ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴስዳ ምን ያህል ይርቃል?

በቀጥታ ሲለካ ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለቱም በሜትሮ ቀይ መስመር ላይ ናቸው፤ ነገር ግን መስመሩ እንደ ባላ ሁለት ክንድ ስላለው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምሥራቁ ክንድ፣ ቤቴስዳ በምዕራቡ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በባቡር የሚሄድ ሠራተኛ መሀል ዋሽንግተን ድረስ ወርዶ በሌላው ክንድ ተመልሶ ይወጣል፤ አለዚያ በአውቶቡስ ይንገላታል። መኪና የሌለው የምግብ ቤት ወይም የሆስፒታል ሠራተኛ ይህን ጉዞ በየቀኑ ያውቀዋል።

በ2017 ግንባታው የተጀመረው ፐርፕል ላይን የሚባለው ቀላል ባቡር ሁለቱን ክንዶች በቀጥታ ለማገናኘት የታሰበ ነው። ከቤቴስዳ ተነሥቶ በሲልቨር ስፕሪንግ አልፎ እስከ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ 21 ጣቢያዎች ይኖሩታል። በቤቴስዳና በሲልቨር ስፕሪንግ መካከል የሚዘረጋበት መሬት በ1985 አገልግሎቱን ያቆመ የዕቃ ባቡር መስመር የነበረበት፣ በኋላም ነዋሪዎች በእግርና በብስክሌት የሚንሸራሸሩበት ነው። በዛፎቹና በመተላለፊያው ምክንያት የተነሣው ሙግት ፕሮጀክቱን ለዓመታት አጓትቶታል። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር የኪራይ ዋጋ በሲልቨር ስፕሪንግም እንዳይንር የሚሰጉ አሉ፤ ኒውላንድስ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት እንዳሰላው፣ ሐዲድ የደረሰበት መሬት ይወደዳልና።